ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ የቀረው የግሬታ ጋርቦ ፊልም፦ ሌላው የት ገባ?

ጥያቄ፦ «የቴአትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። ስለ ዝነኛዋ ፈረንሳዊት የመድረክ ተዋናይት ስለ ሳራ በርናርድ ሳነብ፣ የእሷን ሕይወት መነሻ አድርጎ በ1928 የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም እንዳለ አየሁ። ተዋናይቷ ግሬታ ጋርቦ ናት። ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው ግን ያገኘሁት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ሩሲያኛ ነው። ሌላው የት ገባ? እንዲህ ያለች ታዋቂ ሴት የሠራችበት ፊልም እንዴት ይጠፋል? ይገኛል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ? ሌላም ልጠይቅዎት፤ አያቴ ቤት በቆርቆሮ የታሸገ የቆየ ፊልም አለ። ምን ላድርገው?»

ምላሽ፦

ያየሽው ትክክለኛው ነው፣ እህቴ። ሌላ ቦታ የተደበቀብሽ ነገር የለም። ፊልሙ ስምንት ጥቅል ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው አንዱ ነው። ከእሱ ሌላ አርባ አምስት ሰከንድ ያህል የምትሆን ቁራጭ አለች። የቀረውን የበላው ጅብ አልጮኸም።

ለማያውቁት አንባቢዎች ትንሽ ላስቀድም። የፊልሙ ርዕስ «ዘ ዲቫይን ውማን» ነው፤ «መለኮታዊቷ ሴት» ብንለው ያስኬዳል። ኤም ጂ ኤም የሚባለው የሆሊዉድ ስቱዲዮ ያወጣው በጥር 1928 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተነሣው «ስታርላይት» ከሚባል የግላዲስ አንገር ተውኔት ነው። ተውኔቱ ደግሞ የሳራ በርናርድን ወጣትነት ከሩቅ ይከተላል። ርዕሱም የመጣው ከእሷ ቅጽል ነው፤ «መለኮታዊቷ ሳራ» ነበር የምትባለው። ፊልሙ ሲወጣ ሳራ ከሞተች ገና አምስት ዓመት አልሞላትም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማሪያን ድሃ የገጠር ልጅ ናት፤ ፓሪስ ትመጣለች። ሉሲየን የሚባል ወታደር ትወዳለች። እሱ ለእሷ ሲል ከጦሩ ይከዳል። ቀሚስ ይሰርቅላትና ይታሰራል። እሷ ግን ሌግራንድ በሚባል የቴአትር ሰው እጅ ገብታ የመድረክ ኮከብ ትሆናለች። ጭብጨባው ይመጣል፣ ገንዘቡም ይመጣል። መጨረሻ ላይ ግን የምትመለሰው ወደ ሉሲየን ነው።

አሁን ያየሽውን ጥቅል አስቢ። ማሪያን ገና ታዋቂ አልሆነችም። ሉሲየን ሊሰናበታት መጥቷል፤ ክፍለ ጦሩ በዚያው ምሽት ወደ አልጄሪያ ይሄዳል። ሰዓቱ እየሮጠ ነው። ይሄዳል ስትዪ አይሄድም። በዚህ ጥቅል ውስጥ መድረክ የለም። መጋረጃ የለም፣ ተመልካች የለም፣ መኳኳያ ክፍል የለም። ስለ ቴአትር ሕይወት ከተሠራ ፊልም የተረፈልን ልጅቷ ቴአትር ቤት ሳትደርስ ያለው ቁራጭ ነው። እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ጋርቦ መድረክ ላይ የቆመች ተዋናይት ሆና ስትተውን እንዴት ነበረች? መድረክ ላይ እጇን ስታነሣ፣ ካሜራው ፊት ከምታነሣው አበልጣ ነበር? አንቺ የቴአትር ተማሪ ነሽና ልዩነቱን ታውቂዋለሽ። መልሱ ያለው በጠፉት ጥቅሎች ውስጥ ነው።

የሠሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ስታውቂ ደግሞ ቁጭቱ ይብሳል። ዳይሬክተሩ ቪክተር ሾስትሮም ስዊድናዊ ነው። ፊልም ከመጀመሩ በፊት ለዓመታት የመድረክ ተዋናይ ነበር። ሉሲየንን የተጫወተው ላርስ ሃንሰንም ከስቶክሆልም መድረክ የመጣ ነው። ጋርቦ እራሷ የስቶክሆልም የድሃ ሠፈር ልጅ ናት። በልጅነቷ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀጥራ የደንበኞችን ጉንጭ ሳሙና ትቀባ ነበር። ቀጥሎ ትልቅ መደብር ውስጥ ሻጭ ሆነች። በ1922 በንጉሣዊው ድራማ ቴአትር ትምህርት ቤት ገባች። ማለትም ድሃ ልጅ ተነሥታ ተዋናይት የምትሆንበትን ታሪክ ስትጫወት የራሷን መንገድ ነው የምትረግጠው። ሲቀረጽ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያኔ ሆሊዉድ ወንድ የምታጠፋ፣ ቀዝቃዛ ሴት አድርጎ ነበር የሚያሳያት። በዚህ ዘጠኝ ደቂቃ ግን ትስቃለች፣ ትጫወታለች፣ ትሽኮረመማለች። አደራሽን፣ የተጨመረበትን ሙዚቃ አጥፊና አንዴ በዝምታ እይው። ከሳቅ ወደ ሐዘን የምትሻገርበትን ቅጽበት ፈልጊ። ሽግግሩ በትከሻዋ ነው የሚጀምረው፤ ፊቷ የሚከተለው በኋላ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ታዋቂ ሰው ያለበት ፊልም እንዴት ይጠፋል?

መጀመሪያ የወጣበትን ጊዜ እዪ። ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን የገለበጠው ከጥቅምት 1927 ጀምሮ ነው። ይኼኛው የወጣው ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ድምፅ አልባ ፊልም ማንም የማይከራየው ዕቃ ሆነ። ያኔ ቴሌቪዥን የለም፣ ቪዲዮ የለም። ያለፈ ፊልም መልሶ ገንዘብ የሚያመጣበት መንገድ አልነበረም። ሲኒማ ቤቶች አሳይተው የጨረሱትን ኮፒ ይመልሳሉ። የተመለሰው ይጣላል፣ ወይም ይቀለጣል። በፊልም ላይ ምስሉን የሚፈጥረው የብር ማዕድን ነውና፣ ፊልሙን አቅልጦ ብሩን መሸጥ የታወቀ ንግድ ነበር። ስንት ትወና እንዲህ ሆኖ በኪሎ እንደተሸጠ ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ሁለተኛው ነገር ፊልሙ የተሠራበት ቁስ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሲኒማ ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነበር። ምስሉ በጣም ያምራል፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ የሚያበራ ነው። ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ይነድዳል። ሲነድ ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ ውሃ ውስጥ እንኳ ቢከቱት አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ሳይነድም ቀስ እያለ ይሞታል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይፈጥናል።

የቆየ ፊልም የማዳን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የከፈትኩትን አንድ ቆርቆሮ አልረሳውም። ክዳኑ ዝጎ እምቢ አለኝ። ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ያልታጠበ ካልሲ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚያቃጥል። የጥቅሉ ውጫዊ ክፍል ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ከሥሩ ያለው እንደ ማር ተጣብቋል። ወደ መሃሉ ስንደርስ ብቻ ጥቂት ሜትር ተርፋለች። ብርሃን ላይ አስጠግቼ ሳያት አንዲት ሴት ባርኔጣዋን እያስተካከለች ነው። በፊቷ ላይ ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር እየዘመተ ነበር። ማን እንደሆነች አላወቅንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፊልም ጠፋ» ሲባል በዓይኔ የሚመጣው እሳት አይደለም፤ ያ ዱቄት ነው።

እሳቱም ቢሆን ብዙ በልቷል። በሐምሌ 1937 የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን በኒው ጀርሲ፣ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ ተቃጠለ። ጊዜው ኃይለኛ ሙቀት ነበር፣ መጋዘኑም በቂ አየር አልነበረውም። ናይትሬቱ ራሱ ያወጣው ጋዝ ተቀጣጠለ። የሠፈር ልጅ ሞተ። ፎክስ ከ1932 በፊት የሠራቸው አብዛኞቹ ድምፅ አልባ ፊልሞች አብረው ነደዱ። በ1965 ደግሞ የኤም ጂ ኤም አንዱ መጋዘን ነደደ። ሎን ቻኒ የተወነበት «ለንደን አፍተር ሚድናይት» የመጨረሻ ኮፒ ያለቀው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጠፋ የኤም ጂ ኤም ፊልም ሁሉ ያንን እሳት መክሰስ ተለምዷል። እኔ አይዋጥልኝም። ኤም ጂ ኤም ከሌሎቹ ስቱዲዮዎች ሲነጻጸር ድምፅ አልባ ፊልሞቹን በመጠበቅ የተሻለ ነበር። አብዛኛው የጋርቦ ሥራ ዛሬ የሚታየውም ለዚያ ነው። በአሜሪካ በዋና ተዋናይነት ከሠራቻቸው ፊልሞች በዚህ መልክ የጠፋው ይኼው አንዱ ብቻ ነው። ክፉ ዕድል በይው።

መጠኑን እንድትረጂው አንድ ቁጥር ልስጥሽ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው የዴቪድ ፒርስ ጥናት አለ። ከ1912 እስከ 1929 የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ያወጡት ረጅም ድምፅ አልባ ፊልም 10,919 ነው። በመጀመሪያ በወጣበት መልክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው 14 በመቶ ነው። በሌላ አገር ቅጂ ወይም አነስ ባለ ፊልም ላይ ሙሉ ሆኖ የተገኘው 11 በመቶ። ጎደሎ የሆነው 5 በመቶ። «መለኮታዊቷ ሴት» ያለችው እዚህ አምስት በመቶ ውስጥ ነው። የቀረው ሰባ በመቶ ግን የለም።

የሩሲያኛው ነገር የሚገርም ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፊልም ኮፒው ዓለምን ይዞር ነበር። ድምፅ ስለሌለው በመሃል የሚገባውን ጽሑፍ ብቻ በየአገሩ ቋንቋ መቀየር ይበቃል። ሶቪየት ኅብረትም በ1920ዎቹ ብዙ የአሜሪካ ፊልም ታስገባ ነበር። ከእነዚያ ኮፒዎች የተወሰኑት ተቀምጠው ቆዩ። በ1948 በሞስኮ አቅራቢያ ጎስፊልሞፎንድ የሚባለው የፊልም ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። የጋርቦ ጥቅል የተገኘው እዚያ ነው፣ በ1993። ጋርቦ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል። እንግዲህ እዪው፤ ስዊድናውያን አሜሪካ ሄደው ስለ ፓሪስ የሠሩት ፊልም በሩሲያኛ ተረፈ። ድምፅ አልባ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጉዞ አይሆንለትም ነበር።

እዚህ ላይ የተስፋውን ጥያቄ ልመልስ። ለተስፋዬ ምክንያት የሚሆነኝ ሌላ ፊልም አለ። እሱም ስለ ቴአትር ሰዎች ነው።

የሆሊዉዱ ዳይሬክተር ጆን ፎርድ በ1927 ለፎክስ የሠራው «አፕስትሪም» የሚባል ፊልም ነው። ታሪኩ የሚሆነው ተዋንያንና የመድረክ ትርኢት ሠሪዎች በሚከራዩበት አንድ የኒው ዮርክ ቤት ነው። ቢላ ወርዋሪ አለ። ቢላው የሚወረወርባት ልጅ አለች። ዳንሰኞች አሉ፣ ዘመኑ ያለፈበት ሽማግሌ ተዋናይ አለ። ከዝነኛ የተዋንያን ቤተሰብ የተወለደ፣ እሱ ግን ችሎታ የሌለው አንድ ወጣትም አለ። ለንደን ላይ ሐምሌትን እንዲጫወት ይፈለጋል። የተፈለገው ለችሎታው አይደለም፤ ለቤተሰቡ ስም ነው። ሽማግሌው ተዋናይ ቁጭ ብሎ ያሠለጥነዋል። ልጁም ይሳካለታል፤ ከተሳካለት በኋላ ግን ያንን ቤትና ያንን ሽማግሌ ይረሳል። ቴአትር ቤት የዋለ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ፊልሙ የሚሳሳላቸው ደግሞ ለቀሩት፣ የኪራዩን ገንዘብ ለሚቆጥሩት ነው።

ይህ ፊልም ለሰማንያ ዓመት ገደማ ጠፍቷል ሲባል ነበር። ከዚያ በ2009 ኒውዚላንድ ውስጥ ተገኘ። ለምን ኒውዚላንድ? ኮፒው ዓለምን ዞሮ የሚያበቃው እዚያ ስለነበር ነው። እዚያ ሲደርስ አርጅቷል፤ በመርከብ መልሶ ለማምጣት የሚወጣውን ወጪ ስቱዲዮው አይፈልገውም። እንዲወገድ ይታዘዛል። ጣለው የተባለ ሁሉ ግን አልጣለም። ፊልም የሚወድ የሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር ሠራተኛ ቤቱ ይወስደዋል። ሰብሳቢው ይደብቀዋል። ልጅ ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል። የኒውዚላንድ ፊልም ቤተ መዛግብት እንዲህ የተሰበሰበ ብዙ ናይትሬት ነበረው። ከውስጡ 75 የአሜሪካ ፊልሞች ተለይተው እንዲታደጉ ተወሰነ። «አፕስትሪም» አንዱ ነው። ዌሊንግተን ውስጥ አዲስ ኮፒ ተሠራለትና በ2010 ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ታየ። አሁን ልታዪው ትችያለሽ። እባክሽ እዪው፤ የክፍል ጓደኞችሽንም አሳዪያቸው።

ስለዚህ «መለኮታዊቷ ሴት» ትገኝ ይሆናል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ እላለሁ። ሙሉዋን ለማግኘት ያለኝ ተስፋ ግን ትንሽ ነው። አንድ ጥቅል ብቻውን ሲገኝ፣ ሌሎቹ አብረውት የነበሩና ቀድመው የበሰበሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም ደግሞ ተለያይተው ሌላ ስም በተጻፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይኼኛው ነው ተስፋዬ። ምክንያቱም የፊልሙ ርዕስ ብዙ ጊዜ የሚታየው መጀመሪያው ጥቅል ላይ ነው። አምስተኛው ጥቅል ለብቻው ከቀረ ርዕስ ላይኖረው ይችላል። ቆርቆሮው ላይ የሆነ ሰው በእርሳስ የጫረው ስም ካለ እሱን ነው የምናምነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

እንዲህ ያሉትን ስም የለሽ ጥቅሎች ለመለየት አሜሪካኖቹ ያመጡትን ዘዴ እወደዋለሁ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት ቨርጂኒያ ውስጥ ኩልፔፐር ላይ ሰዎችን ይሰበስብ ነበር። ፊልም የሚያጠኑ፣ የሚሰበስቡ፣ መኪና የሚያውቁ፣ ልብስ የሚያውቁ ሁሉ ይመጡ ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ፊልም ይከፈታል። ተመልካቹ ዝም አይልም፤ ያወቀውን ይጮኻል። «ያ መኪና የ1922 ነው!» «ያቺን ተዋናይት አውቃታለሁ!» «ከጀርባ ያለው ሕንፃ እኮ እገሌ ነው!» ስልክና ኮምፒውተር ይዘው እዚያው ያጣራሉ። እንዲህ ተጩኾ ስሙ የተመለሰለት ፊልም ብዙ ነው።

ከሞስኮም ቢሆን ገና ሊመጣ ይችላል። በ2010 ሩሲያ ጠፍተዋል ተብለው የነበሩ አሥር የአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልሞችን በዲጂታል ቅጂ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥታለች።

እስከዚያው አንቺ በእጅሽ ባለው መሥራት ትችያለሽ። ስቱዲዮዎቹ በቀረጻ ጊዜ ፎቶግራፍ ያስነሡ ነበር። ከዚህ ፊልምም የቀሩ ፎቶዎች አሉ። በ2002 «ለንደን አፍተር ሚድናይት»ን ሪክ ሽሚድሊን የሚባል ባለሙያ ከቀሩት ፎቶዎችና ከጽሑፉ አሰናድቶ፣ በተርታ እያሳየ ታሪኩን መልሶታል። የሚንቀሳቀስ ፊልም አይደለም፤ ግን ምን እንደነበረ ይታይሻል። አንቺ ደግሞ መድረክ አለሽ። የቴአትሩ ታሪክ ያለው በጠፉት ሰባት ጥቅሎች ውስጥ ነው፤ ታሪካቸው ይታወቃል፣ ፎቶም አለ። ዘጠኙን ደቂቃ በስክሪን ከፍታችሁ ቀሪውን በመድረክ ብትጫወቱት ምን ይመስል ይሆን? መመረቂያ ሥራ ካልመረጥሽ አስቢበት። ከልቤ ነው የምልሽ።

የአያትሽ ቆርቆሮ ይቀረናል። አትደንግጪ፣ ግን ተጠንቀቂ።

በመጀመሪያ ከምድጃ፣ ከከሰል፣ ከፀሐይና ከሲጋራ ይራቅ። በላስቲክ አትጠቅልዪው። የሆነ ሰው «ናይትሬት መሆኑን ለማወቅ ጫፉን ቆርጠሽ ክብሪት ጫሪበት» ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ክዳኑን ደጅ ላይ፣ አየር ባለበት ክፈቺ። አፍንጫሽን አታስጠጊ። ዱቄት ካየሽ ወይም የተጣበቀ ከሆነ ሳትነኪው መልሰሽ ክደኚው።

ደህና ከሆነ ስፋቱን በማስመሪያ ለኪ። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ እፎይ በዪ፤ 16 የሚሠራው በቶሎ ከማይነድ ፊልም ነው። 35 ከሆነ ጠርዙን እዪ። ከቀዳዶቹ አጠገብ ደቃቅ ጽሑፍ ይኖራል። «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ካለ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። «ናይትሬት» ካለ ወይም ምንም ከሌለ፣ ናይትሬት ነው ብለሽ ያዢው። ኮዳክ የሠራው ከሆነ ደግሞ ክብ፣ አራት ማዕዘን ወይም ሦስት ማዕዘን ምልክት ታያለሽ። ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት የሚናገሩት እነዚያ ናቸው። ምልክቶቹ በየሃያ ዓመቱ ስለሚደገሙ ግን በእነሱ ብቻ አትወስኚ። በፕሮጀክተር አታስሮጪው፤ ያረጀ ፊልም እዚያው ይበጠሳል። ወመዘክር ሄደሽም ጠይቂ፤ የቆየ ነገር አያያዝ የሚያውቁ ሰዎች አሉ።

አያትሽ በሕይወት ካሉ ከቆርቆሮው በፊት እሳቸውን ጠይቂ። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጣቸው፣ መቼ ጀምሮ እንዳለ በድምፅ ቅጂው። ከዚያ የጠርዙን ጽሑፍና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምስሎች በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ። ፀሐይ የማይመታው መስኮት ላይ አስጠግተሽ፣ ብርሃኑ ከጀርባ እንዲመጣ አድርገሽ ነው የምታነሺው።